ዘጠና ዓመት የዘገየ ጥገና

እኔ ሥራዬን አላበላሸሁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ መተማ ውስጥ በወሬ ላይ እግርና ጅራት የሚቀጥል ምላስ ሞልቷል። አሳምሬ ነው የሠራሁት። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ካድሬውን አፈር ይብላው፤ ሊቀመንበር ዘሩንም፣ አዳራሽ ውስጥ ተኮልኩሎ ጥርሱን ያገጠጠውንም ሁሉ አፈር ይብላው። ከሁሉም አብልጬ የምረግመው ግን እነዚህን ሁለት እጆቼን ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ስሜ አየሁሽ ነው። መተማ ዮሐንስ ውስጥ ብረት የምትቀጠቅጥ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አባቴም አያቴም ቀጥቃጭ ነበሩ። ታናሽ ወንድሜ ደምለው ወናፉን ጠላው፤ «ቀጥቃጭ እየተባልሁ አልኖርም» ብሎ ሰሊጥ ማረስ ጀመረ። መዶሻው እኔ እጅ ቀረ። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፤ መዶሻዬን ግን አልፈታሁም። የአጫጁን ማጭድ፣ የገበሬውን ማረሻ፣ የመንግሥት እርሻውን የትራክተር ዕቃ የማበጀው እኔ ነኝ። ጠመንጃም እጠግናለሁ፤ በኛ አገር ጠመንጃ የሌለው ወንድ ወንድ ነኝ ብሎ አያወራም። ሲመጡ «እባክሽ እት አየሁሽ» ነው። ሲሄዱ «ቡዳ ናት፣ ዓይኗን እንዳታይ» ነው። ለምጄዋለሁ።

ጊዜው ጥቅምት ሰባ አንድ ነው። የደርግ ተቀናቃኝ የነበረው የኢዲዩ ጦር ከተማችንን ይዞ ከተባረረ ዓመት አልፎታል፤ ጥርጣሬው ግን አብሮት አልተባረረም። «የተደበቀ መሣሪያ» እየተባለ የሰው ጎተራ ይወጋል፣ የሰው አልጋ ይገለበጣል። የሰሊጥ አጨዳ ነውና ከጎጃምም ከወሎም የመጣ አጫጅ ከተማውን ሞልቶታል፤ እኔ ማጭድ ከማበጀት ቀና የምልበት ጊዜ አልነበረኝም። እንዲህ ባለ ቀን ነው የአብዮት ጥበቃዎቹ የደምለውን ቤት ጣራ በዘንግ ሲወጉ ብረት የነካቸው። ከሣር ክዳኑ ውስጥ በቆዳ የተጠቀለለ ረዥም ነገር አወጡ። ጠመንጃ ነበር። ወንድሜን የኋሊት አስረው ቀበሌ ወሰዱት።

በማግስቱ ጠዋት የቀበሌው ሊቀመንበር ዘሩ ራሱ ጥቅሉን ተሸክሞ ደጃፌ ላይ ቆመ። ዘሩ ያውቀኛል፤ የአባቱን ማረሻ አባቴ፣ የሱን ማረሻ እኔ ነን የሠራነው።

«አየሁሽ፣ ይሄን ነገር የሚያውቀው ጠፋ» አለኝ። «ጥበቃዎቹ አንዱ ውጅግራ ይላል፣ አንዱ ሰናድር ይላል። ቅዳሜ ከጎንደር ካድሬ ይመጣል። መርምሪና ምንነቱን በሸንጎው ፊት ትናገሪያለሽ። አሮጌ ብረት ከሆነ ደምለው ቤቱ ይገባል። የሚተኩስ መሣሪያ ከሆነ ግን...»

«ከሆነ ምን?»

«ጎንደር ይሄዳል።»

በዚያን ጊዜ ታስሮ ጎንደር ሄደ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የሄደ አይመለስም፤ እናትም ድምፅ አውጥታ አታለቅስም። ደሜ ፈላ። ቆዳውን ገለጥሁና ጠመንጃውን አፍንጫው ሥር ደቀንሁለት። ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ ዝገት በልቶታል፤ የተሰነጠቀው እንጨት በጠፍር ታስሯል፤ ምስጥ ጎብኝቶታል።

«ይሄ ይተኩሳል? ዓይን የለህም እንዴ አንተ ሰው?» ብዬ ጮህሁበት።

«አይተኩስም፣ አይተኩስም» አለ ዘሩ ወደ ኋላ እያለ። «እኔስ ይህንኑ አይደል የምልሽ? ቅዳሜ እንዲሁ ብለሽ ተናገሪ።»

ይህን ያለው በራሱ አንደበት ነው።

ጠመንጃውን ከዚያ ቀን በፊት በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ ታሪኩን ግን አውቀዋለሁ። አያታችን ወናፋቸውን የተከሉት ጭልጋ፣ መንገድ ዳር ነበር። በደርቡሽ ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱ ወደ መተማ ሲወርድ አንድ ወታደር ጎራ አለ። «የመምቻው ሞላ ተሰበረብኝ፤ ስመለስ ሠርተህ ትሰጠኛለህ፤ አደራ» ብሎ ጠመንጃውን ትቶላቸው፣ ጦርና ጋሻውን ይዞ ወረደ። ስሙንም አልተናገረም። አልተመለሰም። አያቴ ደግሞ የሰው ጠመንጃ ባለቤቱ በሌለበት አይፈቱም፤ ዕቃ ለወጠብኝ እንዳይባል ባለቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ እያየ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ሳይነኩት ጠበቁ። አባቴ ወደ መተማ ሲወርዱ ይዘውት ወረዱ፤ ሰውየው የወደቀው እዚህ ነው፣ ዘመድ ካለው የሚፈልገው እዚህ ነው ብለው። ሊሞቱ ሲሉ ለደምለው አስረከቡት። ሰማይ ሩቅ ነው፣ አደራ ጥብቅ ነው አሉት። ያ ደረቅ ደግሞ በጥሬው ያዘው።

ምሳ ይዤለት ቀበሌ ስሄድ በመስኮቱ ብረት በኩል መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ራሱ አልነበረም።

«እታለም፣ ጠመንጃው ደኅና ነው?»

«ድንቄም! አንተ ደኅና ሁን እንጂ ጠመንጃውን ምን አባቱ!» አልሁት። «ቅዳሜ ሲጠይቁህ የአያቴ ቅርስ ነው በላቸው። አለቀ።»

«የአያታችን አይደለማ። የሰው ነው።»

«ሰውየው አጥንቱ እንኳ የለም!»

«ታዲያ ሲሞት የኛ ሆነ ማለት ነው? አደራ በላ ልሁን?» አለኝ፤ ጭራሽ ተቆጣኝ። ሁለታችንም የአንድ አባት ልጆች ነን፤ እሱም ግትር፣ እኔም ግትር። ምሳውን በመስኮቱ ወርውሬለት ወጣሁ።

ቤቴ ስደርስ ሐጂ ሷሊህ ደጃፌ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከገላባት ጨርቅ እያመጡ የሚነግዱ ሽማግሌ ናቸው፤ መቀሳቸውን እንድስልላቸው ነበር የመጡት። ጠመንጃውን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ ቢቲ፣ ልጄ» አሉኝ እንደ ልማዳቸው ዓረብኛውን ከአማርኛው ቀላቅለው፤ «ዝገቱን አትንኪው። ዝገቱ ራሱ ይናገራል። እንዳለ ውሰጂላቸው።»

«ሐጂ፣ እኔ ጨርቅ መለካት ላስተምርዎ?» አልኋቸው።

እንዲህ ነው ያልኋቸው፤ የአባቴን እኩያ። ፈገግ አሉ። መቀሳቸውን አንሥተው ሄዱ። ምነው ያን ቀን ምላሴ ተቆልፎ ቢሆን! እኔ ግን የሚታየኝ ሌላ ነበር። በኛ ዘንድ ጠመንጃ ወደ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ተወልውሎ ነው፤ በአፈርና በምስጥ ፍርፋሪ አይቀርብም፣ ነውር ነው። ደግሞም ካድሬው የየት አገር ነው፣ የስንት ዘመን ነው ማለቱ አይቀርም። ምልክቱ ያለው ዝገቱ ሥር ነው። ዝገቱን ሳልገፍ እንዴት አውቀዋለሁ?

ረቡዕ ጀመርሁ። ይህ ጠመንጃ ከኋላው የሚከፈት ነገር የለውም። ሁሉም የሚገባው በአፉ ነው፤ ባሩዱም፣ ጨርቁም፣ የእርሳስ ጥይቱም በዘንግ እየተጎሰጎሰ። የጥንት ሰዎች ቆመህ ጠብቀኝ ይሉታል፤ አንዴ ተኩሰው ዳግመኛ እስኪያጎርሱት ጠላት ቆሞ ይጠብቅ እንደሆነ እንግዲህ። ዘንጉን በአፈሙዙ ሰድጄ ልኩን ያዝሁ፤ ያንኑ ዘንግ በውጭ በኩል ሳስተያየው አራት ጣት ያህል ጎደለ። ክው አልሁ። ጎርሷል ማለት ነው! ዘጠና ዓመት ሙሉ እንደጎረሰ ኖሯል፤ በወንድሜም ራስ ላይ ተኝቷል።

ልብ ያላት ሴት ብትሆን ኖሮ እዚያው ላይ ታቆምና «ኑና እዩ፣ ከዘጠና ዓመት ወዲህ ያልተተኮሰ መሆኑን እዩ» ብላ ሰው ትጠራ ነበር። እኔ ግን ቀጥቃጭ ነኝ። የጎረሰ ጠመንጃ እሳት አጠገብ አይቀመጥም፤ ወደ ዳኛም የጎረሰ ጠመንጃ አይቀርብም። ማንንም ሳልጠራ፣ ብቻዬን፣ ፍል ውሃ እያጠጣሁ፣ ዘንግ ጫፍ ላይ ብሎን አስሬ እየቆፈርሁ አወጣሁት። መጀመሪያ ነጭ የለበሰች እርሳስ ወጣች፤ ቀጥሎ የደረቀ ጨርቅ፤ በመጨረሻ እንደ ጓል የጠነከረ ባሩድ። ሁሉንም በወተት ቆርቆሮ አኖርሁት። ይህን ለካድሬው አሳየዋለሁ ብዬ ተደስቼ ነበር።

ሐሙስን በላምባ ስዘፈዝፍ፣ በአመድና በሰሊጥ ዘይት ስፈትግ ዋልሁ። ማታ ላይ ከአፈሙዙ ሥር ጥቃቅን ጭረቶች ወጡ። ፊደል መሰሉኝ፤ ሐጂን ማስጠራት ግድ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን «ጨርቅሽን ለኪ» ብሎ ሳይመጣ ይቀር ነበር። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው መጡ።

«ቁጥር ነው» አሉ። «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስልሳ ሁለት። በሒጅራ ነው። ይህ እንግዲህ የቱርክ ጊዜ ነው፤ መቶ ሠላሳ ዓመት ያልፈዋል።»

የቱርክ ጠመንጃ ኖሯል። ከቱርክ እጅ ወጥቶ እንዴት አበሻ ወታደር ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ተማርኮ ይሁን ተሸጦ፣ ሰውየውና እግዜር ያውቃሉ። ሐጂ ሲወጡ «ይበቃዋል አሁን፤ ተይው» አሉኝ። ጠመንጃው አሮጌ ነው፣ ዓመቱም ታወቀ፤ ለወንድሜ የሚያስፈልገው ሁሉ በእጄ ነበር። እኔ ግን አርብ ጠዋት የቃታውን ቤት ፈታሁት።

እስቲ ማን አዘዘኝ? ማን? ራሴን ስጠይቅ የምመልሰው ይሄ ነው፦ የተረከብነው ሥራ ነበር። አንድ ሰው ወደ ሞት ሲወርድ «ሞላዋን ሥራልኝ» ብሎ ለቤተሰባችን የሰጠው ሥራ፣ ሦስት ትውልድ ሳይሠራ ተቀምጧል። ውስጡን ሳየው ደግሞ ልቤ ጠፋ። እያንዳንዱ ብረት ከጎረቤቱ ጋር እንደ ተጣጠፈ መዳፍ የገጠመ ነው፤ ሞላው ብቻ ከሁለት ተሰብሮ ወድቋል። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ቆርጬ አሳሳሁት፣ አጠፍሁት፣ አግዬ ሰሊጥ ዘይት ውስጥ ነከርሁት። የመጀመሪያው ተሰበረ። ሁለተኛውን እሳት ላይ ቀስ እያልሁ፣ ቀለሙ የርግብ አንገት እስኪመስል ጠብቄ አወጣሁት። ገጠመ። መምቻውን ስቤ ቃታውን ስነካው ቀጭ! አለ። ብቻዬን ዕልል አልሁ፤ አዎ፣ ወንድሜ ታስሮ እኔ ዕልል አልሁ።

ያው ደስታዬ ሳይበርድልኝ አንድ የጎጃም አጫጅ መጣ። ማጭዱ ስለቱ አልቋል፤ ወደ ገለጉ የሚሄድ መኪና ሊያመልጠው ነው፤ ይጨቀጭቀኛል። ስለት የሚይዝ ጥሩ ብረት ፍለጋ መሬቱን ሳይ የተሰበረው አሮጌ ሞላ ወድቋል። አነሣሁት፣ አጋልሁት፣ ማጭዱ ላይ ቀጥቅጬ አጣበቅሁለት። የወደቀ ብረት አይቶ የሚያልፍ ቀጥቃጭ የለም። ሰውየው ይዞት ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ደምለው እጁን ታስሮ ከፊት ቆሟል። ካድሬው አዱኛ ይባላል፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነው። አይሳደብም፣ ጠረጴዛ አይመታም። የሚጮህ ሰው ቢሆን እችለው ነበር፤ ጩኸቱን ለኔ ተዉልኝ።

ጠመንጃውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ነበር ያቀረብሁት። ሲገልጠው ሰዉ ሁሉ «ውይ!» አለ። አፈሙዙ ያበራል፤ ሰደፉ ዘይት ጠጥቶ ቀልቷል። እኔ ሞኟ ደረቴን ነፋሁ።

«ጓድ አየሁሽ፣ አሮጌ ብረት ነው ብለውኝ ነበር» አለ ካድሬው።

«አሮጌ ነው እንጂ! የመቶ ሠላሳ ዓመት ዕቃ ነው።»

መምቻውን በአውራ ጣቱ ሳበ፤ ቃታውን ነካ። ቀጭ! አለ። አንገቱን ነቀነቀና «ይሠራል» ብሎ ጻፈ።

«የሚሠራው እኔ ስለሠራሁት ነው!» ብዬ ብድግ አልሁ። «ሞላው ተሰብሮ ነበር። ከጣራ ሲያወርዱት ሬሳ ነበር!»

«የተሰበረው ሞላ የታለ?»

ያኔ ነው የገባኝ። 

«ማጭድ አደረግሁት» አልሁ።

«ማጭዱስ?»

«አጫጁ ወደ ገለጉ ይዞት ሄደ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሰው ነፍስ በገመድ ጫፍ ተንጠልጥላ እነሱ ይስቃሉ! የሁሉንም ማረሻ የሠራሁ እኔ፣ የሁሉንም ምንሽር የጠገንሁ እኔ! «ምን ያስገለፍጣችኋል፣ እናንተ የሰው ቀላሎች!» ብዬ ዞርሁባቸው። ከዚያ ዘሩን አየሁት፤ ከካድሬው ጎን ተቀምጧል።

«ዘሩ አይቶታል! ዝገት የበላው መሆኑን በዓይኑ አይቷል፣ አይተኩስም ብሎኛል። ተነሥ አንተ፣ ተናገር!»

ዘሩ ተነሣ። ካድሬውን አየ፤ እኔን አላየም። «ተጠቅልሎ ነበር ጓድ» አለ። «እኔ... ልብ ብዬ አላየሁትም።»

«ውሸታም! አባትህ እንኳን ይህን ሳያዩ ሞቱ!» ስል አንዱ ጥበቃ ትከሻዬን ጨምድዶ አስቀመጠኝ።

ቆርቆሮው ትዝ አለኝ። ለዚህ ነበር ያስቀመጥሁት! ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስጠጋሁለት። «ይኸው እየው። ከሆዱ ያወጣሁት ነው። ባሩዱ ድንጋይ ሆኗል፤ ዘጠና ዓመት አልተተኮሰም።»

ካድሬው ወደ ውስጥ አየ። «ጎርሶ ነበር ማለት ነው?»

«ጎርሶ ነበር!»

እየጻፈ ጮክ ብሎ አነበበው፤ «ጥይት፣ አንድ። ባሩድ፣ በቆርቆሮ።» ከዚያ ጠመንጃውን ገልብጦ ምልክቱን አየ። «ይህስ የዓረብኛ ጽሕፈት ነው አይደል? ማን አነበበልሽ?»

ሐጂ ሷሊህ ከኋላ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ሲያስሉ ሰማኋቸው። ሊነሡ እንደሆነ፣ ከተነሡም አብረው እንደሚታሰሩ ገባኝ። በዚያ ቀን ልብ ያለኝ ለዚህች ብቻ ነበር። «መተማ ተወልጄ ቁጥር አላነብም?» አልሁት። የዓረብ መሣሪያ ብሎ ጻፈ።

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ። የቀረኝ ተስፋ ደምለው ነበር። የአያቴ ነው ቢል ምናልባት አንድ ነገር ይሆናል። ዓይኑን ፈልጌ ለመንሁት። ካድሬው ወደሱ ዞረ።

«ጠመንጃው የማን ነው?»

«የኔ አይደለም» አለ ወንድሜ ቀጥ ብሎ። «አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«ስሙን አናውቀውም።»

«ሰውየው የት ነው ያለው?»

«ወደዚህ ወረደ፤ አልተመለሰም።»

«ቢመለስስ?»

«እሱም ቢመጣ፣ የልጅ ልጁም ቢመጣ እንሰጠዋለን። ቃል አለብን።»

ካድሬው ብዕሩን አስቀመጠ። ቁጣ የለበትም፤ የደከመው መምህር ይመስላል። «እንግዲህ ልድገመውና ከተሳሳትሁ አርሙኝ» አለ። «ስሙ የማይነገር ሰው መሣሪያ በአደራ አስቀመጠ። ወንድም በጣራው ደበቀው። እህት ሞላ ለወጠችለት፣ ዘይት ቀባችው፣ አዘጋጀችው። ሰውየው በመጣ ቀን ይረከባል። ተሳስቻለሁ?»

አንድ ቃል አልተሳሳተም። እስከ ዛሬ ሌሊት ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ እሱ ነው፤ አንድ ቃል አልዋሸም።

«ሰውየው ከሞተ ዘጠና ዓመቱ ነው! በደርቡሽ ጊዜ ነው የሞተው!»

«ጓድ አየሁሽ፣ ስሙን እንኳ የማታውቂውን ሰው መሞቱን በምን አወቅሽ?»

 እኔ! ለመተማ ገበያ ሁሉ መልስ የማላጣው እኔ! ሰዉ ሳቁን ትቶ ነበር። ካድሬው ፈረመና ወረቀቱን ለዘሩ አቀበለው፤ ዘሩም ማኅተሙን መታበት።

መኪናው ደጅ ቆሞ ነበር፤ የጭነት መኪና ነው። ደምለውን ከኋላ አወጡት። ጠመንጃዬን፣ ማለቴ የዚያን ሰውዬ ጠመንጃ፣ አንዱ ጥበቃ ጭኑ ላይ አጋድሞ ከአጠገቡ ተቀመጠ። አንዱን ጥበቃ በክርኔ፣ አንዱን በትከሻዬ ገፍቼ የመኪናውን ሳንቃ ያዝሁ።

«ስደበኝ!» አልሁት። «ምን ዝም ትላለህ? ሐጂ ተይው ብለውኝ አልሰማሁም። ዝገቱን የገፈፍሁት እኔ፣ ባሩዱን ያወጣሁት እኔ፣ ሞላውን የሠራሁት እኔ! ስደበኝ እንጂ፣ ርገመኝ!»

ወንድሜ እኔን አላየኝም። ያንን ጠመንጃ ነበር የሚያየው። ሃያ ዓመት ከራሱ በላይ ሲጠብቀው ኖሮ መልኩን ያየው ያን ቀን ነው። ፀሐይ አርፎበት አፈሙዙ ያንጸባርቃል። ከዚያ ወደኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ፤ ያን ፊቱን መቼም አልረሳው።

«አያታችን የተረከቡትን ጨረስሽው በይኛ» አለኝ። «እጅሽ ይባረክ፣ እታለም።»

መኪናው ተነሣ። ሳንቃው ከእጄ ሲላቀቅ ጥፍሬን ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደምለውን አላየሁትም። ጎንደር ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ አንዱ በር ወደ ሌላው በር ይልከኛል፤ ሌላው በር አናውቀውም ይለኛል።

ሥራዬን አልተውሁም፤ ምን ልብላ? ባለፈው ሰሞን ለአንድ የወሎ አጫጅ ማጭዱን ሠራሁለት። ደግ ሰው ነው፣ ምንም አላጠፋም። ተቀብሎ ስለቱን በጥፍሩ ሞከረና «እጅሽ ይባረክ እናቴ» አለኝ። ማጭዱን ነጥቄ መንገድ ላይ ወረወርሁት። «ማጭድህን አንሣና ሂድ!» አልሁት። «የሰው እጅ አትመርቅ። ማን መርቅ አለህ?» ጎረቤቶቼ አብዳለች አሉ። ይበሉ። እጄን ግን ማንም እንዳይመርቅብኝ።